ሁሉም የጨረሱት ጌም

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ሲያሞግሱኝ አምናለሁ። ሌላው ሰው ሲያሞግሱት ትንሽ ያፍራል፣ ትንሽ ይጠረጥራል፣ «ኧረ ተው» ይላል። እኔ «ቀጥል» ነው የምለው። ሠፈሬ በግዳዲያ ያለው ፀጉር አስተካካይ አንድ ቀን «የጭንቅላትህ ቅርፅ ያምራል» ቢለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ቤት አልሄድኩም። በነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ጆሮዬን ሁለቴ ቆርጦኛል። ይህን የምነግራችሁ ወደፊት የምታነቡት ጣጣ ሁሉ ከዚህ ጠባዬ የመጣ ስለሆነ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ሕመሜን እወቁልኝ ብዬ ነው።

የምኖረው ጅዳ ነው። ፔትሮሚን የሚባል ሠፈር ውስጥ ባለ አንድ የመኪና ዕቃ መጋዘን እሠራለሁ። ሙሉ ማዕረጌ «ዕቃ አውራጅ» ነው፤ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኔ ከመደርደሪያ አወርድለታለሁ። ቤቴ በግዳዲያ ነው፤ ከጋሽ ተስፋዬና ከአብዱ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ጋሽ ተስፋዬ የሕንፃ ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ጾማቸውም ከሁላችን ይበልጣል። አብዱ የወሎ ልጅ ነው። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ሲሆን የቤታችን ሴራሚክ ግን ከገባን ጀምሮ እንደተነሣ ነው፤ «ከሥራ መጥቼ ደግሞ ሥራ?» ይላል።

በትርፍ ጊዜዬ ጌም እሠራለሁ። እግር ኳስና ጦርነት ያለበትን ትልቁን ዓይነት አይደለም፤ በስልክ የሚጫወቱትን ትንሹን ነው። ከሰው እጅ በገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ነው የተማርኩት። እና ጌም ጃም የሚባል ነገር አለ። ለማያውቀው ሰው «ደቦ ነው» ብዬ ነው የማስረዳው። ከዓለም ዙሪያ የማይተዋወቁ ሰዎች በኢንተርኔት ይሰበሰባሉ፤ አንድ ርዕስ ይሰጣል፤ ሁሉም በሦስት ቀን ውስጥ በዚያ ርዕስ ትንሽ ጌም ሠርቶ ያስገባል። እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ የሚያርሰው የራሱን ማሳ ነው። ደቦው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አንዱ የሌላውን ጌም ይጫወታል፣ «ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ ይስተካከል» ብሎ አስተያየት ይጽፋል፣ ሠሪውም ሳምንቱ ሳያልቅ የተነገረውን ያርማል። ሽልማት የለውም። ለማያውቁት ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ገና ያልበሰለ ሥራውን መቅመስ፣ ከዚያም የጎደለውን ጽፎ መንገር! እኔ እንዲህ ያለ ደግነት በሌላ ሥራ ላይ አላየሁም፤ በመኪና ዕቃ ንግድ ውስጥማ በፍጹም።

ችግሩ እኔ ላይ ነው። ከዚህ በፊት በአራት ጃም ተሳትፌያለሁ። ድረ ገጹ ከእያንዳንዱ ጌም ሥር ስንት ሰው እንደ ጀመረውና ስንት ሰው እንደ ጨረሰው ቆጥሮ ያሳያል። በአራቱም የጀመሩት ነበሩ። የጨረሰ ግን አንድም አልነበረም። አራት ጊዜ ዜሮ። ሰው ምግብ አቅርቦ እንግዶቹ ሁሉ አንድ አንድ ጉርሻ ጎርሰው ቢነሡበት እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ አምስተኛው ጃም ሊጀመር ሲል በጋሽ ተስፋዬ ፊት ማልኩ። «በዚህኛው አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የማላውቀው ሰው እስከ መጨረሻው ካልተጫወተልኝ ላፕቶፑን ሸጬ የፍሪጅ ጥገና እማራለሁ» አልኩ። ጋሽ ተስፋዬ መሐላ አይወዱም፤ ከተማለ በኋላ ግን ማጠፍን ይበልጥ አይወዱም። «እንግዲህ ማልክ» አሉ በሐዘን፤ «እኔም ሰማሁ።» አብዱ ደግሞ ለወንድምነቱ ብሎ በማግስቱ ገዢ ይዞ መጣ። ጀማል የሚባል የሥራ ጓደኛው ነው። ላፕቶፑን ከፈተው፣ ዘጋው፣ አገላበጠው፤ ጥርሱን ቢያይም አይገርመኝም ነበር። «ሳምንቱ ሲያልቅ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

የጃሙ ርዕስ «ቤት» ሆነ። እኔም በትልቅ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ጌም ሠራሁ። እንግዶች ሊመጡ ነው። ከመድረሳቸው በፊት ወጥ ቤት ገብታ ታበስላለች፣ ከዚያ ሳሎኑን ታዘጋጃለች፣ ከዚያ ልብስ ትተኩሳለች፣ በመጨረሻ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ታጸዳለች። በመሃል ማዳም ደወል ትደውላለች። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሁሉም በጊዜው ካለቀ ጌሙ ተጨረሰ ማለት ነው፤ እንግዶቹ ቀድመው ከደረሱ «ተሸንፈሻል» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ከማውቃቸው የአገሬ ሴቶች አብዛኞቹ ሥራቸው ይህ ስለሆነ ነገሩን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የማውቀው ዓርብ ሲገናኙ ሲያወሩ የሰማሁትን ነው።

ሠርቼ ስጨርስ ወደ ድረ ገጹ ከመላኬ በፊት ለቤት ሰዎች አቀረብኩ። ጋሽ ተስፋዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ጸሎት መጽሐፍ ወደ ፊታቸው አስጠጉትና ለሃያ ደቂቃ ያህል ነካኩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጨረስኩት» አሉ። «እጅህ ይባረክ ልጄ። መጨረሻው አስለቀሰኝ።»

አብዱ ተቀበላቸው። እሱ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። «ማሻአላህ» አለ፤ «እኔም ጨረስኩት። በተለይ ላይኛው ፎቅ ያለው መስኮት፤ ወላሂ ነፋሱ ፊቴን መታኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «ቀጥል» ነዋ። አብዱም ስለ ነፋሱ ቀጠለ። በደስታ ተነሥቼ ጌሙን ላክሁት።

አሁን የእኔ ተራ ነው፤ የሌሎችን ጌም ተጫውቶ አስተያየት መስጠት። እዚህ ላይ አንድ በደል ሠርቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ኑዛዜ ጋር አብራችሁ ያዙልኝ። እኔ ሰው ቤት ገብቼ «ጨው አንሶታል» ብዬ አላውቅም፤ ከቤታችንም እንዲህ ያለ ሰው አልወጣም። ስለዚህ የሁሉንም ጌም በትርጉም ፕሮግራም እያስተረጎምኩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በጣም ቆንጆ ነው፤ በተለይ አጨራረሱ።» ዐሥራ አራት ሰው ላይ ጻፍኩት። አንዳንዱን ከፍቼው ነበር። አንዳንዱን ደግሞ ስልኬ ስላልከፈተው ሳልከፍተው ጻፍኩ፤ ሰው ደክሞበት እኔ አልከፈት ስላለኝ ሙገሳ ልንፈገው?

በማግስቱ ከእነዚህ አንዱ መልስ ጻፈልኝ። ትርጉሙ እንዲህ ይል ነበር፦ «ስለ ደግ ቃልህ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በስሕተት የጫንኩት ባዶ ፋይል ነበር፤ ምንም ጌም የለበትም። የትኛውን አጨራረስ ነው የወደድከው?»

መጋዘኑ ውስጥ በራዲያተሮቹ መካከል ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስልኩን ዘጋሁት፤ መልሼ ከፈትኩት፤ ጽሑፉ አለ። ይህ ሰው ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ አላዋረደኝም። ትክክለኛውን ፋይል ጭኖ «አሁን ሞክረው» አለ፤ እሱም በተራው የእኔን ጌም ከፍቶ ተጫወተልኝ፤ አስተያየትም ጻፈ፦ «እንዲህ ያለ አጨራረስ አይቼ አላውቅም። ሴትየዋ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ ደወሉ ሲጮህ። እዚያ ላይ አቁሜ ብዙ አሰብኩ።»

የእኔ ጌም የሚያልቀው ላይኛው ፎቅ ነው። «ተርጓሚው ፎቁን ወጥ ቤት አድርጎት ነው» አልኩ። ቀጥሎ ሌላ ሰው መጣ፤ እሱም ስለ ወጥ ቤቱ። ሦስተኛዋ «ከወጥ ቤት የማትወጣ ሴት! ስንት ነገር ይናገራል» ብላ ጻፈች። በሦስት ቀን ውስጥ ጌሜን ሃያ ሦስት ሰው ጀምሮታል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። የጨረሰ ግን ዜሮ። ሁሉም አጨራረሱን እያደነቀ ዜሮ ከሆነ የተበላሸው ቆጣሪው ነው ብዬ ለድረ ገጹ ሰዎች የአቤቱታ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመርኩ።

ደብዳቤው ሳይላክ ዘይነባ መጣች። መጣች ስል ድምፅዋ መጣ። ዘይነባ የአብዱ ታላቅ እኅት ናት፤ መካ ውስጥ ባንድ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እኔ አይቻት አላውቅም። መካ ደግሞ ለእኔ ለክርስቲያኑ አይገባም፤ የመጋዘኑን ዕቃ ጭነን ስንሄድ ከሹመይሲ ኬላ አለፍ ብሎ መንገዱ ይከፈላል፣ እኛ በዳር በኩል እናልፋለን። አብዱ ጌሙን «ጓደኛዬ የሠራው ነው፣ እይልኝ» ብሎ ልኮላት ኖሯል። ሦስታችንም ምሳ ላይ ሳለን መልሷ ደረሰ፤ አብዱም ሙገሳ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

«አሰላሙ አለይኩም። አብዱ፣ ይሄን ለጓደኛህ አሰማው። ወንድሜ፣ ጌምህን ያዝኩት። ማዳም ከዙህር ሶላት በኋላ ስትተኛ ነው የምጫወተው። ወላሂ አላልቅ አለኝ። ሩዙን ሠራሁ፣ ሰላጣውን ከተፍኩ፣ ዕቃውን አጠብኩ፤ ወደ ሳሎን ልውጣ ስል በሩ አይከፈትም። እኔ ነኝ ያላወቅኩበት ብዬ ሦስት ቀን ሞከርኩ። እኔ አይደለሁም። በሩ ነው። አፉ በለኝ፣ ግን ማን ይንገርህ?»

ማንም አልጎረሰም። ላፕቶፑን አመጣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። በሩ አይከፈትም። ስሠራው ሳሎኑን ለመሞከር በየጊዜው ከወጥ ቤት መነሣት ሰልችቶኝ፣ የራሴን ቅጂ ከሳሎን እንዲጀምር አድርጌው ነበር። በወጥ ቤቱ በር አንድ ቀንም አልፌ አላውቅም። የሚከፍተውን ትእዛዝ ጭራሽ አልጻፍኩትም። ከእኔ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ያንን ሳሎን ያየ ሰው የለም።

ቀስ ብዬ ወደ ጋሽ ተስፋዬ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ያ ያስለቀሰዎት መጨረሻ?»

ጋሽ ተስፋዬ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «ወጥ ቤቷን እያየሁ ነው ያለቀስኩት» አሉ። «ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተህበት በሩ አይከፈትም ልበልህ?»

«አንተስ አብዱ? ነፋሱስ?»

«መስኮቱን ስትሥለው አይቼ ነበር፤ ነፋሱ እንኳ» አለ አብዱ፣ «ኤሲው ይሆናል።»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ባዶ ፋይል ያሞገሰው ሰው እኔው ነኝ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለእኔ ያደረጉትን እኔ ለዐሥራ አራት ሰው አድርጌዋለሁ። የተቆጣሁት ማን ላይ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አንድ ነገር ግን ገባኝ፦ ከሃያ ሦስት የጃም ሰዎችና ከሁለት ወንድሞቼ መካከል ጌሜን እንደ ጌም አክብራ «ይሄ ተበላሽቷል» ያለችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። በአብዱ ስልክ መልስ ላክሁላት። «እትዬ ዘይነባ፣ በሩን አሁኑኑ እሠራለሁ። ሌላም ካለ ሁሉንም ይንገሩኝ» አልኳት።

«አብሽር» አለች። ነገረችኝም። እንዴት ያለ ዓይን ነው! «ልብሱን ሳይደርቅ ታስተኩሳታለህ። ማዳም ሁልጊዜ ከአንድ ክፍል ትደውላለች፤ የት አገር ነው እንደዚህ ያለች ማዳም? ከሁሉም ቦታ ነው የምትደውለው። ገህዋው፣ የዐረቡ ቡና፣ ከሻይ በፊት ይቀርባል። ደግሞ ለምን ታስሮጣታለህ? እኛ ቤት ውስጥ አንሮጥም፤ የሚሮጥ ሰው ‹የት ነበርሽ› ይባላል።» እኔ አንድ ሳምንት የተጨነቅሁበትን ሥራ በአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ፈታትታ እንደገና ገጠመችው። በጃሙ ላይ ስንት ልምድ ያላቸው ሰዎች አስተያየት ሲሰጡ አንብቤአለሁ፤ እንደ እሷ ያለ አላጋጠመኝም።

የቀረኝ ሦስት ቀን ነው። አስተያየት መስጫው ቅዳሜ በዐሥር ሰዓት ይዘጋል። ላፕቶፑን በቦርሳ አድርጌ መጋዘን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። በሩን ሠራሁ፤ በሩ ሲከፈት ደወሉ አልቆም አለ። ደወሉን ሠራሁ፤ ሴትየዋ በግድግዳ ውስጥ ማለፍ ጀመረች። ግድግዳውን ሠራሁ፤ እንግዶቹ ወጥ ቤት ውስጥ ሩዙ ሳይበስል መድረስ ጀመሩ፣ ያውም ከጣሪያ ላይ እየወረዱ። በመሃል ፍሬን ሸራ ለጠየቀ ሰው የመስኮት መጥረጊያ አውርጄ ሰጠሁ። ሰውየው መልሶ ሲመጣ ሙዲሩ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ማለቴ ነው፣ አብሮት መጣ። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጬ ስልኬ ውስጥ ደወሉ ይጮሃል።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለኝ በዐረብኛ።

«ማዳም ናት» አልኩ፤ እውነቱ ስለሆነ።

ሙዲሩ ትንሽ አየኝና፣ እሱ ሳያውቅ ያገባሁ መስሎት መሰለኝ፣ «ያላ፣ መልስላት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዘኔታ ነው የሚያናግረኝ።

ሐሙስ የተስተካከለውን ጌም ጫንኩ። በሩ ይከፈታል። ይህን ጊዜ የጃሙ ወዳጆቼ አዘኑብኝ። «ለምን ከፈትከው? ውበቱ እኮ አለመከፈቱ ነበር» ብሎ አንዱ ጻፈ። ሌላው «ሥራህን አበላሸኸው» አለ። ያቺ «ስንት ነገር ይናገራል» ያለችው ደግሞ ጌሙን እንደ ወደደች ያኖረችውን ምልክት አነሣች። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሳላውቀው ጠቢብ ሆኜ፣ ባወቅሁ ጊዜ ተሻርኩ። አዲስ ሰው መምጣቱ ቆመ። የጨረሰ ዜሮ። ቆጣሪውን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ጋሽ ተስፋዬ ነገሩ ከንክኗቸዋል። ዓርብ ከቤተ ሰብ ጋር በስልክ ተነጋግረው እንደ ጨረሱ ጠሩኝ። «ያቺን የአብዱን እኅት አይተሃት ታውቃለህ?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ቤቷ ሄደህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ መካ ናት እኮ። እንዴት አድርጌ?»

«እንግዲያው የማታውቃት ሰው ናት» አሉ ጋሽ ተስፋዬ። «እሷ ከጨረሰችው መሐላው ይቆጠራል።» ይህንን ሲበይኑ ፊታቸው የቀላ መሰለኝ፤ በዋሹት ነገር ካሣ መክፈላቸው ነበር።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በዘይነባ ላይ ወደቀ። አብዱም ነገራት፤ ላፕቶፑንም፣ መሐላውንም፣ ጀማልንም። በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ ድምፅዋ መጣ።

«በሩ ተከፈተልኝ፤ አላህ ይስጥህ። ሳሎኑንም ደረስኩበት፣ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶሃል። በቤቱ ውስጥ ስድስት ወንበር ስለሃል። ሁሉንም ነካካሁ፤ አንዱም ላይ አትቀመጥም። ላይኛው ፎቅ መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር አድርግላትና ትቀመጥ።»

እኔም የሙያ ሰው ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። «እትዬ ዘይነባ፣ ጌም ማለት ሩጫ ነው። ከተቀመጠች ሰዓቱ ይሄዳል፣ እንግዶቹ ይደርሳሉ፣ ትሸነፋለች።»

«ትሸነፍ» አለች ዘይነባ። «ወንበሩ ይኑራት።»

የተቀመጠች ሴት መሳል ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ያለማመድኳት መራመድን፣ መጎንበስን፣ መሸከምን ነው፤ ስትቀመጥ ጉልበቷ ወደ ኋላ ታጠፈ። ሞዴል አስፈለገኝ። ጋሽ ተስፋዬ የጥበቃ ልብሳቸውን እንደለበሱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡልኝ፤ ሥራቸው መቀመጥ ነውና አሳምረው ተቀመጡ። ሥዕሉን ለዘይነባ ላክሁላት። «ይሄ ሽማግሌ ነው» አለች። «የደከመች ሴት እንዲህ አትቀመጥም። ጫማዋን አውልቃ ነው የምትቀመጥ፤ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ እጇን እንዲሁ ጣል አድርጋ።» ጋሽ ተስፋዬ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ። እኔም ሳልኩ። ሳልኩ ብቻ ሳይሆን ስስል ልቤ ተነካ፤ ለምን እንደሆነ በጊዜው አላወቅሁም።

ቅዳሜ ቀን በሰባት ሰዓት ጌሙ ተጫነ። ጀማል ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳውን ይዞ ደረሰ፤ ላፕቶፑ የሚገባበትን ቦርሳ ማለቴ ነው። ዘይነባ ያዝኩት ብላ መልእክት ላከች። አራታችንም የተነሣው ሴራሚክ ላይ ተቀምጠን አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ቆጣሪውን እናያለን። ዜሮ። ስምንት ተኩል፣ ዜሮ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ዜሮ። አብዱ ደጋግሞ «ፈጣን ናት፣ ትደርሳለች» ይላል። ጀማል የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ነቅሎ ይጠቀልል ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን የአብዱ ስልክ ጮኸ። አብዱ ከፈተው።

«ወንድሜ፣ አልጨረስኩትም» አለች።

ጋሽ ተስፋዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ወጥ ቤቱን ሠራሁ፣ ሳሎኑን፣ ልብሱንም ተኮስኩ። ወደ ላይ ወጣሁ፤ ወንበሯን አየሁ። አስቀመጥኳት። ጫማዋን አወለቀች። ማዳም ደወለች፣ ተይው አልኳት፤ ይደወል። ከዚያ የኔይቱ ማዳም እውነት ተነሥታ ጠራችኝ። ስልኬን ፍሪጁ ላይ አቁሜ ሄድኩ፤ ልጆቹን አበላሁ፣ ደረጃውን ጠረግሁ። ስመለስ እሷ ተቀምጣ ናት። እንግዶቹ ደርሰው ‹ተሸንፈሻል› ብሎ ጽፏል፤ እሷ ግን እዚያው ናት። ያን ሁሉ እኔ ስሠራ እሷ ዐርፋ ነበር። እንደገና ልጀምረው እችል ነበር፤ የላፕቶፑን ነገርም ሰምቻለሁ። አፉ በለኝ። ላስነሣት አልቻልኩም።»

መልእክቱ አለቀ። አብዱ መሬት መሬት ያያል። እኔ ስሞገስ ነው የኖርኩት፤ ከዚህ በፊት ደስታ የመሰለኝ ሁሉ ደስታ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። የሠራሁትን ነገር አንድ ሰው ከልቡ ሲይዘው ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ይህን ያህል ከተናዘዝኩ ይህንንስ ምን እደብቃለሁ።

«እና» አለ ጀማል፣ ቻርጀሩን እንደያዘ፣ «ተጨረሰ ወይስ አልተጨረሰም?»

ሁላችንም ጋሽ ተስፋዬን አየን። መሐላውን የሰሙት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ተስፋዬ እጃቸውን ዘርግተው ቻርጀሩን ከጀማል ተቀበሉና መልሰው ግድግዳው ላይ ሰኩት።

«የእኔ ልጅ» አሉት፣ «ሴትዮዋ ተቀምጣለች። ከሥሯ አንስተን ልንሸጥባት ነው? መሐላው በእኔ ላይ ይሁን፤ ለንስሐ አባቴ እኔ እነግራለሁ።»

ጀማል መልካም ሰው ነው፤ አልተቆጣም። እንዲያውም ቁጭ ብሎ ጌሙን በአብዱ ስልክ ጀመረና ሩዙን አሳረረው። እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ነበረው። ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ መካከል «ተሸንፈሻል» የምትለውን ቃል ፈልጌ አገኘኋት፤ አጠፋኋት። በእሷ ቦታ ምን ልጻፍ ብዬ አሰብኩ፤ «አሸንፈሻል» ልበል አልኩ፤ እሱም ውሸት መሰለኝ። ባዶ ተውኩትና ጫንኩት። ቆጣሪው ዜሮ እንዳለ ጃሙ ተዘጋ።

እሑድ ከዙህር በኋላ መጋዘን ውስጥ ሳለሁ አብዱ የእኅቱን ድምፅ ላከልኝ። ካርቶን ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። አጭር ነበር።

«አየሁት» አለች ዘይነባ። «አሁን ምንም አይጻፍባትም። እንግዶቹ መጥተው፣ እሷ ተቀምጣ ታያቸዋለች። እኔም ዛሬ ማዳም እስክትነሣ ወንበር ስቤ አጠገቧ ትንሽ ተቀመጥኩ።»